የጠባቂው ገጽ

ትምህርት ቤታችን ለአምስተኛ ክፍል የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ ሲመርጥ፣ ኮሚቴው ውስጥ አንድ «የኅብረተሰብ ተወካይ» መቀመጥ አለበት የሚል ደንብ አለ። የኅብረተሰብ ተወካይ ማለት ያልተማረ ሰው ማለት ነው፤ ስሙን ሲያሳምሩት ነው እንጂ። ባለፈው የካቲት ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ዊልበርን ስታምፐር እባላለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ማርል ፎርክ በሚባል የከሰል ሸለቆ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ቆመ ስል በራሱ የቆመ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አስቁመውት ነው።

የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ወይዘሮ ኬስለር ልጆቹን አራግፌ ስመለስ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሳጥን በጋሪ እየገፋች መጣች።

«አቶ ስታምፐር፣ ከእርስዎ በላይ ልጆቹን የሚያውቅ የለም። እስኪ መጽሐፍ በመምረጥ ይርዱን።»

«ሌላ ሰው አጥታችሁ ነው?»

«ሦስት ሰው ጠይቄ እምቢ ብለውኛል» አለች። ቢያንስ አትዋሽም።

እኔም እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እጄ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ ከሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ሰማያዊ መጽሐፍ አነሳሁና ወደ መጨረሻው፣ ስሞች በፊደል ተራ ወደተደረደሩበት ማውጫ ገለጥኩ። ልማዴ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታተመ የታሪክ መጽሐፍ እጄ ከገባ ከኋላው ነው የምጀምረው። ብዙውን ጊዜ የምፈልገው ስም የለም፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ያን ቀን ግን ነበረ። «ስታምፐር፣ ኢሳም፣ ገጽ 118።»

ገጽ 118 ላይ እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ንጋት የግድቡ ጠባቂ ኢሳም ስታምፐር እንቅልፍ ጥሎት ስለነበር ሸለቆው ማስጠንቀቂያ አልደረሰውም።»

ኢሳም ስታምፐር የአባቴ አባት ነው። ኩባንያው የከሰል እጣቢ ውኃ የሚያጠራቅምበት የአፈር ግድብ ከሸለቆው አናት ላይ ነበረው። አባቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሳምንት ሙሉ ዘነበ፤ ጎህ ሳይቀድ ግድቡ ተናደ። ያ ጥቁር ውኃ ዘጠና አንድ ሰው ጨረሰ። አያቴም አንዱ ነው። ሬሳው የተገኘው ከጥበቃ ጎጆው አንድ ማይል ዝቅ ብሎ፣ ታችኛው ሰፈር ጭቃ ውስጥ ነው። ተኝቶ ሳለ ውኃ ጠርጎት ወረደ ተባለ። ኩባንያው ተናገረ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ መጽሐፉ ገለበጠ። የሞተ ሰው ደግሞ አይከራከርም።

እኔ አምስተኛ ክፍል ስደርስ ወይዘሪት ኦልድሪጅ የምትባል መምህርት ያንን ገጽ ጮክ ብዬ እንዳነብ አስነሳችኝ። ከሠላሳ ልጅ መሀል እኔን። ፊደል ፊቴ ላይ የሚዘልብኝ ልጅ ነበርኩ፤ «እንቅልፍ» የሚለው ቃል ላይ ተንተባተብኩ። «ነቃ በል እንጂ ስታምፐር፣ አንተም እንዳትተኛብን!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «እንቅልፋሙ» ሆነ። ስምንተኛ ክፍል ላይ በዚህ ስም የጠራኝን አንዱን ጥርሱን አራገፍኩለት፤ እኔንም ከትምህርት ቤት አራገፉኝ።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ቂሜን እንደ ጥርሴ ነው የማውቀው፤ የትኛው የት እንዳለ በምላሴ እነግራችኋለሁ። ባንክ ቤት ውስጥ «እንቅልፋሙ፣ ተራህ ደረሰ» ያለኝን አውቀዋለሁ። በሠርጌ ቀን ያንኮራፋውን አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ዋና አብሳይ ቬልማ ቶሊቨር ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ በሠራተኞች የሽርሽር ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት «አንተ ስታምፐር፣ አያትህ በዚያ ንጋት...» ብላ ስትጀምር ሳህኔን ሣር ላይ ጥዬ ሄጃለሁ። እሷም አልቀረችም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ስለዚህ «እሺ» አልኳት ወይዘሮ ኬስለርን።

በዚህ ትምህርት ቤት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ከተመረጠ ሰባት ዓመት አይነሳም። ሰባት ዓመት ማለት በእኔ አውቶቡስ ሰባት ዙር አምስተኛ ክፍል ማለት ነው። ከኋላዬ ተቀምጠው፣ ስሜ በሩ ላይ ተጽፎ እያዩ፣ ገጽ 118ን ያነባሉ። የተፈለገው ይሁን፣ ይህ አይሆንም አልኩ።

ሦስት ድምፅ ሰጪ ነበርን። እኔ፣ ቬልማ ቶሊቨር፣ እና የአምስተኛ ክፍል መምህሩ ጋርት ሊንድሊ፤ ይኸ ልጅ በእኔ አውቶቡስ ሦስት ጊዜ ያስመለሰ ነው፤ አሁን ክራቫት ያስራል። ወይዘሮ ኬስለር ትመራለች እንጂ ድምፅ የላትም። ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ከመጨረሻው ጉዞ በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠሩ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ እንሰበሰባለን።

በሳጥኑ ውስጥ የነበሩትን አሥራ አንድ መጻሕፍት አንድ በአንድ እየጣልን መጣን። አንዱ ፕሬዚዳንት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው በዚህ አገር ኖሮ አያውቅም። አንዱ ክልላችንን ካርታው ላይ ከጎረቤታችን ጋር አንድ አድርጎ ቀብቶታል፤ ቬልማ በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንስታ መሬት ጣለችው። አንዱ ከነጮች በፊት እዚህ ይኖሩ ስለነበሩት ሰዎች በሩብ ገጽ ተናግሮ፣ ስለ አንድ መርከብ ሸራ አራት ገጽ ጽፏል። ሊንድሊ «ልጆች ይህን ጽሑፍ ለማንበብ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋቸዋል» ይላል። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፦ ሰማያዊው እና ቀዩ።

ቀዩን ያገኘሁት ቀን የጠዋቱን ጉዞ ጨርሼ ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላ ገለጥኩ። ገጽ 74። «ጠባቂው ኢሳም ስታምፐር ወደ ኩባንያው ቢሮ ሦስት ጊዜ ደወለ። ስልኩን ያነሳ አልነበረም።» ደግሜ አነበብኩት። ጣቴን እየሰደድኩ ደግሜ አነበብኩት። ተነስቼ አውቶቡሱን ሦስቴ ዞርኩት። ጎማውን መታሁት። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር እደውልላት ነበር። ሰው አጣሁና ለጋራዡ ውሻ ነገርኩት።

ኮሚቴው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቅጽ ይሰጣል። ከቅጹ ግርጌ «መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤያለሁ» ይላል፤ ትፈርማለህ። ፈረምኩ። አላነበብኩም። ሁለት መቶ ገጽ ለእኔ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ያነበብኩት ስሜን ነው።

የድምፅ መስጫው ማክሰኞ መጣ። ያን ቀን መቀመጥ አቃተኝ፤ መጻሕፍት መደርደሪያው ሥር ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

«አቶ ስታምፐር፣ እየዞሩ አዞሩኝ» አለች ወይዘሮ ኬስለር። «ትእዛዙ እስከ ዓርብ መግባት አለበት፤ ሁለት ድምፅ ያገኘ መጽሐፍ ከሌለ አሮጌው ሰባት ዓመት ይቀጥላል።» አሮጌው የወይዘሪት ኦልድሪጅ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ተቀየረ እንጂ ሆዱ ያው ነው።

ሊንድሊ «እኔ ቀዩን» አለ። «ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ሥዕሉ ያምራል። ልጆቹ ያነቡታል።»

«እኔ ሰማያዊውን» አለች ቬልማ።

«ቀዩን!» አልኩ፣ ሳትጨርስ።

ቬልማ መነጽሯን አወለቀች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አራት መቶ ልጅ በየቀኑ የምታበላ ሴት አትቸኩልም። «ፈጠንክ፣ ስታምፐር። የግድግዳውን የምሳ ዝርዝር ለማንበብ ሳምንት የሚፈጅብህ ሰው መጽሐፉን ጨረስከው?»

«ፈርሜያለሁ።»

«መፈረምህንማ አየሁ። ገጽ 61ን አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ምን ይላል?»

ሊንድሊ ጫማውን ያያል።

ቀዩን መጽሐፍ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «አንብብልን።»

አሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። እግዜር ያያል፣ የወይዘሪት ኦልድሪጅ የኖራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እምቢ ብዬ መሄድ እችል ነበር፤ ሳህኔን ጥዬ እንደሄድኩት። ግን ብሄድ ድምፄም አብሮኝ ይሄዳል፤ ቀዩም ይወድቃል። ጣቴን ጽሑፉ ላይ አድርጌ ጀመርኩ።

«ኩባንያው... የማዕድን ሠራተኞች ባደሙ ጊዜ... ከደቡብ ጥቁር ሠራተኞችን በባቡር አመጣ። እነዚህ ሰዎች አድማ መኖሩን እያወቁ... የ... የአድ...»

«የአድመኞቹን» አለ ሊንድሊ ዝቅ ብሎ።

«ዝም በል አንተ ልጅ! የአድመኞቹን ሥራ ወሰዱ። በዚያ ክረምት... ብዙ ልጆች የተራቡት በዚህ ምክንያት ነበር።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«የእኔ አያት ኤይሞስ ቶሊቨር በዚያ ባቡር ነው የመጣው» አለች ቬልማ። «የፉርጎው በር ከውጭ ተቆልፎ ነበር። አድማ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማው ሲወርድ፣ ድንጋይ ሲወረወርበት ነው። በሳምንቱ እሱ ራሱ ከአድመኞቹ ጋር ቆመ። ሰማያዊው ይኼን ጽፎታል፤ ከነተቆለፈው በር። አንተ ግን አንዷን ገጽ አይተህ መጽሐፉን ዘጋኸው።»

«አሥር ደቂቃ እንረፍ» አለች ወይዘሮ ኬስለር።

ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ሲጋራ ለኩሼ ጣልኩት። በሆዴ እሟገታለሁ፦ እኔ ምን አገባኝ? ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ ሃምሳ ሦስት ዓመት ማን ስለ እኔ ተጨነቀ? የእሷ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ስማቸው አልተጠራም፤ የእኔ ሰው አንድ ነው፣ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። አንድ ጊዜ እንኳ ነገር ወደ እኔ ቢያጋድል ምን አለበት?

ቬልማ ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

«ልታለቅሺብኝ ከሆነ ተመለሽ» አልኳት።

«እኔ? በአንተ ላይ? ሽንኩርት ስልጥ ነው የማለቅሰው።» አውቶቡሱን ተደግፋ ቆመች። «መጀመሪያ የፈለግሁት የአንተን ገጽ ነው፤ ታውቃለህ? የራሴን ሳላይ። ቅጼ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሰማያዊው ገጽ 118 ላይ ዋሽቷል ብዬ።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

«አያቴ ታችኛው ሰፈር ነበረቻ! ጥቁር ሰው ሌላ የት ይኖር ነበር? ከቤቶቹ ሁሉ ለውኃው የቀረብነው እኛ ነን። አያትህ ፋኖስ ይዞ ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ ሲወርድ አይታዋለች። በሩን በእርግጫ እየመታ 'ውጡ፣ ግድቡ ሄደ' እያለ ነበር። ስድስት በር መታ። የእኛ አራተኛው ነው። አያቴ እናቴን በአንሶላ ጠቅልላ ወጣች። እሱ ወደ ሰባተኛው ሲሄድ ውኃው ደረሰ።»

የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ለምን አልነገራችሁም?»

«ለማን? ለኩባንያው? ጋዜጠኛው ታችኛው ሰፈር ድረስ የሚወርድ ጫማ አልነበረውም።»

«ለእኔ! ለእኔስ? ሠላሳ ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ስንሠራ!»

«ሞክሬ የለ እንዴ?» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «በሽርሽሩ ቀን፣ ሰው ሁሉ ይስማ ብዬ ስጀምር የድንች ሰላጣዬን ሣር ላይ ደፍተህብኝ ሄድክ! ከዚያ ወዲያ ስለ ጠባቂው ፊትህ ላይ ትንፍሽ የሚል ሁሉ ይነከሳል ተባለ። ተናካሽ ውሻ ቤት ደብዳቤ አይደርስም፣ ስታምፐር።»

ሠላሳ ዓመት። ያን ቀን አፏን ስትከፍት የሰማሁት ወይዘሪት ኦልድሪጅን ነበር። ስድብ ብዬ በጥርሴ ይዤ የኖርኩት ያቺን ቃል ነው።

ስትመለስ ተከትዬያት ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«ሰማያዊው» አልኩ።

ሊንድሊ ቀና አለ። «አቶ ስታምፐር፣ ግን ሰማያዊው ስለ አያትዎ...»

«ማንበብ እችላለሁ። ቀስ ብዬ ነው እንጂ እችላለሁ።»

ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል። ራሴ ጻፍኩት፤ ወይዘሮ ኬስለር ልጻፍልዎት ብትል እምቢ አልኩ። «ገጽ 118 ውሸት ነው። የቀዩ ገጽ 61 የባሰ ውሸት ነው። ቀዩን አንብቤያለሁ ብዬ የፈረምኩትም ውሸት ነው።» ወይዘሮ ኬስለር አነበበችና ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ለአሳታሚው ደብዳቤ እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ጻፈች። መልስ አልመጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

መጻሕፍቱ በመስከረም ደረሱ። ጥቅምት እስኪያልቅ እንደ ጥፋተኛ ሰው በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየሁ ነዳሁ።

ከትምህርት ቤቱ ወደ ላይኛው መንደር ስንሄድ የባቡር ሐዲድ እናቋርጣለን። የኤይሞስ ቶሊቨር ባቡር የመጣበት ሐዲድ ነው። ባቡር ካለፈበት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ መሀሉ ላይ ዛፍ በቅሏል። ሕግ ግን ሕግ ነው፦ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፣ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ያዳምጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ምንም የማይመጣበትን ሐዲድ አዳምጫለሁ።

አንድ ሐሙስ ቆምኩ፣ በሩን ከፈትኩ። ጸጥ አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አንኮራፋ። ኩርርር። ሳቅ እንደ ውኃ ወደ ፊት መጣ።

ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ቴሳ ብራምሌት፣ የሁለት ጥርስ ክፍተት ያላት ልጅ፣ አልሳቀችም። «አቶ ስታምፐር፣ መጽሐፋችን ላይ ያለው ስታምፐር ዘመድዎ ነው?»

መሪውን ጨበጥኩ። በሩን ዘግቼ መሄድ ነበር የለመድኩት። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ወደ እነሱ ዞርኩ።

«አያቴ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ አንድ ማይል ሮጦ በር አይመታም።»

ነገርኳቸው። ስለ ስልኩ፣ ስለ ፋኖሱ፣ ስለ ታችኛው ሰፈር። አሳምሬ አልነገርኩም፤ ተንተባትቤያለሁ። ያንኮራፋው ልጅ አንገቱን ከወንበሮቹ በላይ አስረዝሟል። ከኋላችን መኪና ጥሩንባ ነፋ። ይንፋ።

«ስድስት በር?» አለች ቴሳ በጣቷ እየቆጠረች።

«ስድስት።»

«ሰባተኛው ቤት ውስጥስ ማን ነበር?»

ቬልማ ያንን ከነገረችኝ ስምንት ወር ሆኖኛል። ስድስቱን በሮች ለባንክ ቤቱም፣ ለጋራዡም፣ መስማት ለሚፈልገውም ለማይፈልገውም ነግሬያለሁ፤ ስድስቱ የእኔ አያት ናቸውና። ሰባተኛውን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳት። «ቬልማ ታውቃለች። ነገ ጠዋት ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

«እኛም ምሳ ላይ እንጠይቃታለን!» አለ ያንኮራፋው ልጅ።

«ከእኔ በፊት ብትጠይቅ በእግርህ ነው የምትሄደው።»

ሐዲዱን በግራም በቀኝም አየሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ተሻገርን።